ከእንግድነት ወደ ጎረቤትነት

የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞችን ለሚቀበሉ ምእመናንና በገጠር ለሚሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



 እንድናገር የተጠየቅሁት ከባሕር ማዶ መጥተው በገጠራችን ከሕዝቡ ጋር ስለሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ስለ እነርሱ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው በሪፖርት ነው። ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል ተማሪ ተማረ፣ ይህን ያህል ምንጭ ጎለበተ ይባላል። ሰውየው ጧት ምን ቀምሶ እንደ ወጣ፣ ውሃውን ማን እንደ ቀዳለት፣ ማታ ከማን ጋር እንዳመሸ ግን ሪፖርቱ አይነግረንም። እኔ ግን ሥራው የሚጸናውም የሚወድቀውም ሪፖርቱ በማይነግረን በዚህ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶች አንድ ከባድ ጥያቄ ስታነሡ ሰምቻለሁ። «እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት የማይችል፣ ቋንቋችንን የማያውቅ አንድ ወጣት ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶ ምን ይጠቅመናል? ለአውሮፕላኑና ለኑሮው የሚወጣው ገንዘብ ለእኛ ቢሰጥ አይሻልም ወይ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሽንገላ ልናልፈው አይገባም። የእኔ መልስ ይህ ነው። በጎ ፈቃደኛው ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ የሚመለስ ከሆነ፣ በእርግጥ ገንዘቡ ቢመጣ ይሻል ነበር። ጎረቤት ከሆነ ግን ገንዘብ የማይሠራውን ይሠራል። እንግዳ ሆኖ መቅረቱ ወይም ጎረቤት መሆኑ ደግሞ በእርሱ ብቻ ሳይሆን በእኛም እጅ ነው።

በአገራችን ልማድ እንግዳ ክቡር ነው። መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። ይሁን እንጂ ለእንግዳ ሥራ አይሰጥም። ቢያጠፋም ጥፋቱ አይነገረውም። የቤቱ ችግር ይሸሸገዋል፤ እርሱ ከሄደ በኋላ ልጆቹ ጦማቸውን ቢያድሩም እንኳ በፊቱ የጎደለ ነገር አይታይም። ጎረቤት እንዲህ አይደለም። ጎረቤት እሳት ሊጭር ይመጣል፤ ወንፊትና ምሳር ይዋዋሳል። ሲያጠፋ ይቆጡታል፣ ሲቀየም ያስታርቁታል፣ ሲታመም ይጠይቁታል፣ ሰው ሲሞት አብሮ ይቀብራል። እንግዳ የሚያየው የቤቱን ምንጣፍ ነው፤ ጎረቤት ግን ጓዳውን ያውቃል። ሊረዳን የመጣ ሰው ጓዳችንን ሳያውቅ በምን ይረዳናል?

በጎ ፈቃደኛ ለገጠራችን አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ሲመሠረት፣ ሕዝባችን ፒስ ኮር እያለ የሚጠራውን የአሜሪካ የሰላም ጓድ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1961 አቋቋሙት። በ1962 ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓድ አባላት በአንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ኀላፊያቸው በኋላ የአገራቸው ሴናተር የሆኑት ሃሪስ ዋፎርድ ነበሩ። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው በትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ዛሬ በዕድሜ ከገፉት አባቶችና እናቶች መካከል እንግሊዝኛ ወይም ሒሳብ ከእነርሱ የተማሩ ጥቂቶች አይደሉም።

የሰላም ጓድ በ1977 ከአገራችን ወጣ። በ1995 ተመለሰ፤ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት በ1999 እንደ ገና ወጣ፤ በ2007 ዳግመኛ መጣ። በ2020 ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በዓለም ዙሪያ የነበሩት አባላቱ በሙሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ መውጣትና መግባቶች አንዱም በመንደር ሸንጎ የተወሰነ አልነበረም። የሚያስተምሩት ክፍል ሳያልቅ፣ የዘሩት ሳይታጨድ ሻንጣቸውን አንሥተው የሄዱ አሉ። እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው ነገ ሊሄድ እንደሚችል እያወቅን የምንሠራ ከሆነ፣ ዋናው ነገር እርሱ የሠራው ሳይሆን ከእርሱ ጋር ስንሠራ በእኛ እጅ የቀረው ነው።

አሁን ወደ ዕለቱ ኑሮ ልግባ።

ጎህ ሲቀድ ዶሮ ይጮኻል፣ ከብት ይወጣል፣ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። ከተማ ያደገ ወጣት በዚህ ሰዓት ገና በእንቅልፍ ላይ ነው፤ ሰው ግን ከደጁ ቆሞ «እንዴት አደርህ?» ይለዋል። ሰላምታችን አጭር አይደለም። ስለ አዳሩ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ እንጠይቃለን። እርሱ ወደ ሥራው ሊሮጥ ይፈልጋል፤ ሰላምታው ራሱ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል። በመንገድ ላይ ሰውን ሳይጠይቅ ያለፈ በሸንጎ ቢናገር የሚሰማው የለም።

ቀጥሎ ውሃ አለ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ይህን በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን የየዕለት ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኛው አንድ ጊዜ ራሱ ተሸክሞ ካየው፣ ልጃገረዶች ለምን ከትምህርት እንደሚያረፍዱ መጽሐፍ ሳያይ ይገባዋል። በአንድ ጣሳ ውሃ ገላን መታጠብ፣ በዚያው እጣቢ እግርን ማጠብ ይማራል። የሚጠጣውን ውሃ ግን አፍልቶ ወይም አጣርቶ መጠጣት አለበት። ከእኛ ዘንድ የቀረበውን ውሃ አልጠጣም ቢል ንቀት መስሎን እንቀየማለን። ንቀት አይደለም፤ ሆዱ ያንን ውሃ አልለመደም፤ ከታመመ ደግሞ የሚያስታምመው ያው ቤተሰብ ነው። እንዲያውም ለልጆቻችንም አፍልተን ብንሰጥ መልካም ነው።

ከዚያም የሰዓት ነገር አለ። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ እነርሱ ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምረው ነው። በጧት በሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ ብንለው፣ እርሱ በራሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሊመጣ ይችላል፤ ስብሰባው ከተበተነ ግን ቆይቷል። ዘመናችንም ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ወራችንም አሥራ ሦስት ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የክትባትና የዘር ማደያ ቀን በዚህ ሲምታታ አይተናል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «በእናንተ ነው ወይስ በእኛ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጧት ወይም ከሰዓት በኋላ ብላችሁም ለዩለት።

ማዕዱን በተመለከተ፣ እንጀራና ሽሮ ለመልመድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። የሚከብደው የጉርሻው ብዛት ነው። አልፈልግም ማለት ነውር መሆኑን ሲያውቅ ከአቅሙ በላይ ይበላል። አንድ ጉርሻ ለፍቅር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተዉት። ያረፈበት ቤት ኦርቶዶክሳዊ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ፣ ሃምሳ አምስት ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾምም ወቅት ሥጋና ወተት ከቤቱ አይገባም። እርሱ የጾሙን ሥርዓት ባይጋራም እንኳ በጾመኛ ቤት ሥጋ እንዳይጠብስ አስቀድማችሁ ምከሩት። የጎረቤትን እምነት ማክበር ብዙ ንግግር ሳያስፈልገው በምድጃ ዳር ይታያል።

ማታ ሲመሽ ሌላ ፈተና አለ። እነርሱ ከቀኑ ድካም በኋላ በር ዘግተው ለብቻቸው መቀመጥን እንደ ዕረፍት ያዩታል። በእኛ ዘንድ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ወይ ሐዘንተኛ ነው ወይ በሽተኛ ነው። ስለዚህ አዝነን እንሰበሰብበታለን፤ እርሱም ይበልጥ ይጨነቃል። በቀን ደግሞ ከቤት በወጣ ቁጥር ሕፃናት «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። የመጀመሪያው ቀን ያስቃል፤ በመቶኛው ቀን ግን ልብ ያደክማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሰዎች መካከል ስሙን እየጠራችሁ አስተዋውቁት፤ ስሙ ለአፋችን ቢከብድ እርሱ የወደደውን የአገር ስም ስጡት። ስም ያለው ሰው እንግዳነቱ ግማሽ ያህል አልቋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የ«እሺ» ነገር ነው። እሺ የምንለው ስንስማማ ብቻ አይደለም። ሰምቻለሁ ለማለትም፣ አላሳፍርህም ለማለትም፣ ንግግሩ እንዲያልቅ ስንፈልግም እሺ እንላለን። በጎ ፈቃደኛው ግን እሺ ማለት ተስማማን ማለት ነው ብሎ ያምናል። ከዚህም የተነሣ ሥራውን ይጀምራል፤ ሰው ግን አይመጣም። እርሱ ሕዝቡ ሰነፍ ነው ብሎ ያስባል፤ እኛም ፈረንጁ አያስተውልም እንላለን።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በአንድ ደገኛ ቀበሌ ለእናቶች የጤና ትምህርት እንድታስተምር አንዲት ወጣት ተመደበች። ትምህርቱ ማክሰኞ ጧት ይሁን ተባለ፤ እናቶቹም ሁሉ እሺ አሉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ጠበቀች፤ ከሦስት አሮጊቶች በቀር የመጣ አልነበረም። ያረፈችበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ። በአራተኛው ሳምንት ስታለቅስ አገኟትና «ልጄ፣ እስከ መቼ እንግዳ ሆነሽ ትቀመጫለሽ? ነይ፣ ከእኔ ጋር ጎመኑን ክተፊ» ብለው ወደ ማድቤት አስገቧት። እንደዚያ ጎመን እየከተፉ ሳሉ ነገሩ ወጣ። ማክሰኞ የገበያ ቀን ነው። የበርበሬዋንና የእንቁላሏን ገንዘብ የምታገኝ እናት በዚያ ቀን ቤቷ አትውልም። ለምን አልነገሩኝም ብላ ብትጠይቅ «አንቺ እንግዳ ነሽ፤ እንዴት ደፍረው እምቢ ይበሉሽ?» አሏት። ትምህርቱ ወደ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተዛወረ፤ ቦታውም ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ቡና መጠጫ ተለወጠ። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ይቀመጡ ጀመር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያቺን ወጣት ያወጣት የተማረችው ትምህርት አልነበረም። የአንዲት እናት እውነተኛ ቃል ነው። እኚያ እናት ደፍረው ባይናገሩ ኖሮ ሁለት ዓመቷ በባዶ ቤት ባለቀ ነበር።

የአገሩ ሰው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ከታሪክም እንይ። ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ የኢትዮጵያው ሥራ የተጀመረው በ1971 ነበር። ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር የሰላም ጓድ አባላትና የጃፓን በጎ ፈቃደኞችም ተሰልፈው ነበር። ክትባቱ ጫፉ ሁለት ጥርስ ባለው መርፌ ይሰጥ ስለ ነበር አሰጣጡን ለመማር ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከባዱ ነገር በሽታው የት እንዳለ ማወቅ ነበር። መኪና በማይገባበት አገር በእግር እየሄዱ፣ የበሽተኛ ሥዕል ያለበትን ካርድ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እያሳዩ «እንዲህ የሆነ ሰው አይታችኋልን?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መርፌው ከውጭ አገር መጣ፤ በሽተኛው የተኛበትን ጎጆ ያሳየው ግን ያገሩ ሰው ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 በኦጋዴን ተገኘ። በ1977 በሶማሊያ ከታየው በኋላ በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ አልተገኘም፤ በ1980ም በሽታው ከምድር መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። ሰው ዝም ቢል ኖሮ መርፌው ብቻውን ምን በሠራ ነበር?

እንግዲህ ስለ ጊዜው እንቁጠር። በሰላም ጓድ ልማድ የአንድ በጎ ፈቃደኛ ዘመን 27 ወር ነው። ሦስት ወር ያህሉ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ እያረፈ ቋንቋና ሥርዓት የሚማርበት ነው። የተመደበበት ቦታ ከደረሰ በኋላም የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው በመተዋወቅ ያልፋሉ፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ በስንብት። የቀረው አንድ ዓመት ተኩል ቢሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ፈት የሆነ መስሎት እጅግ ያዝናል። ለአገሩ ሰዎች የሚጽፈው ያጣል። ከዚህ ጭንቀት ለመውጣት ሲል ማንም ያልጠየቀውን አጥር ሊያጥር፣ ማንም የማይጠብቀውን የአትክልት ስፍራ ሊከል ይነሣል። በዚህ ጊዜ ከኀላፊዎቹ የሚጠበቀው ሥራ ፈጥሮ መስጠት አይደለም። ወደ ደቦው ይዛችሁት ውጡ፤ ለቅሶ ሲሆን አብራችሁ ሂዱ፤ የዕድሩን ደንብ አስረዱት። ለቅሶ ቤት የተቀመጠበት አንድ ቀን አሥር ስብሰባ የማያስገኝለትን እምነት ያስገኝለታል።

ስለሚያሳድሩት ቤተሰቦችም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የእንግዳ ሸክም የሚወድቀው በእማወራዋ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ እንቀበላለን ይላል፤ ተጨማሪውን እንጀራ የምትጋግር፣ እንጨቱን የምታቀርብ፣ የልጇን አልጋ የምትለቅ ግን እርሷ ናት። ስለዚህ ከመስማማታችን በፊት እርሷም ትጠየቅ። የቤት ኪራዩና የምግቡ ሒሳብ በግልጽ ይነገር፤ ገንዘቡም በእጇ ይግባ። በጎ ፈቃደኛው ለግለሰብ ብድር እንዳይሰጥ፣ እናንተም እንዳትጠይቁት እለምናችኋለሁ። ብድር ሁለት ጎረቤቶችን አበዳሪና ተበዳሪ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው እውነት አይነገርም። መርዳት ከፈለገ እንደ ማንኛውም ሰው በዕድር መዋጮ ይርዳ። ሴት በጎ ፈቃደኛ በሆነች ጊዜ ደግሞ በመንደሩ የምትታመን አንዲት እናት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትታወቅላት። የሚያስቸግራት ሰው ቢኖር ያለ ሐፍረት ለእርሷ ትንገር፤ የነገሯትም «ልማድ ነው» ተብሎ አይሸፋፈን።

በመጨረሻ ስለ መሄዱ ልናገር። ብዙ ጊዜ ስንብቱ ያማረ ነው። ጋቢ ይለበሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ እንባ ይፈሳል። በማግስቱ ግን የችግኝ ጣቢያውን ቁልፍ የያዘ ሰው አይገኝም። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ከመሄዱ ስድስት ወር አስቀድሞ አንድ ጥያቄ በጉባኤ ይነሣ። እያንዳንዱን ሥራ ከነገ ጀምሮ የሚይዘው ማን ነው? ስሙ ይጠራ። የሚይዘው ሰው ካልተገኘ ያ ሥራ የእርሱ እንጂ የእኛ አልነበረም ማለት ነውና ከአሁኑ ይቁም። ይህን ማለት ያሳፍራል፤ ነገር ግን እርሱ እያለ ማፈር ከሄደ በኋላ ከማዘን ይሻላል።

ምእመናን ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እውነቱን ንገሩት፤ እምቢ ስትሉ እምቢ በሉ። ሁለተኛ፣ ሥራ ስጡት፤ ማጭዱንም ጀሪካኑንም ያዝ በሉት። ሦስተኛ፣ ሲያጠፋ እንደ ልጃችሁ ቆጡት። ለእናንተ ለፕሮጀክት ሠራተኞችም የምለው አለ። በሕዝቡና በእርሱ መካከል አስተርጓሚ ሆናችሁ ለሁልጊዜ አትቁሙ፤ ድልድይ ሰው ያሻግራል እንጂ በመንገድ ላይ አያስቆምም። «እሺ አሉ» ብላችሁ ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊትም ማን እንደ መጣ ቁጠሩ።

ስለ ገንዘቡ የጠየቃችሁኝን አልረሳሁም። ገንዘብ ምንጭ ያጎለብታል፣ ትምህርት ቤትም ይሠራል። ነገር ግን ገንዘብ ቡና አብሮ አይጠጣም፤ ማክሰኞ የገበያ ቀን መሆኑንም አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቀው ጎረቤት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ከመንደራችሁ ሲደርስ፣ ለአንድ ሳምንት አክብሩት፤ አጎዛውም ይነጠፍለት። በስምንተኛው ቀን ግን ጎመኑን ያስከትፉት።